ሽጉጥ ወደ አፎቱ ሲመለስ፦ ጅማ ላይ በጥበቃ ሥራ የደረሰብኝና የተማርኩት

ጅማ ላይ የሌሊት ጥበቃ የሠራ ሰው ልብስ መደራረብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዝናቡ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት፣ በጃኬቱ ላይ የዝናብ ልብስ፣ ሁሉንም የሚጠቀልል ጋቢ። ሽጉጡ ያለው ከዚህ ሁሉ ሥር፣ ወገብ ላይ ነው። እኔ በአንድ የቡና መጋዘን በጥበቃነት ስሠራ ግራ ባቴን ጥይት መቶኛል። የመታኝ ሌባ አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ሽጉጣቸውን ወደ አፎቱ ሲመልሱ ባርቆ ነው።

ይህን የምጽፈው ሽጉጥ ለሚታጠቅ ሰው ሁሉ ነው፤ ለጥበቃው፣ ለሚሊሻው፣ ገንዘብ ይዞ ለሚንቀሳቀሰው ነጋዴ። ስለ ተኩስ የሚያወራ ሞልቷል። ሽጉጥ ስለ መመለስ የሚያወራ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የአዝመራ ወቅት ነበር። ከአጋሮና ከሊሙ ጀንፈል ቡና የጫኑ አይሱዙዎች ሌሊቱን ሙሉ ይገባሉ፣ ጠዋትም ይሰለፋሉ። ለግቢው ፈቃድ የተሰጠው ሽጉጥ አንድ ማካሮቭ ብቻ ስለነበር ከተረኛ ወደ ተረኛ ከነአፎቱ ይተላለፋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዤ ለመረከብ ገባሁ። ሌሊቱን ያደሩት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ባልደረባችን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሰላምታ በኋላ ሽጉጡን ከወገባቸው አወጡና ባዶ መሆኑን ሊያሳዩኝ፣ ጥይት የሚሞላበት ካዝናው ውስጡ እንዳለ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ለቀቁት።

«ይቁጠሩልኝና እፈርማለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

ይኼኔ በሩ ላይ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን ለቀቀው። ሹፌሩ ሲጠብቅ ያደረ ነው መሰለኝ እጁን ከጡሩምባው አላነሳም። «ቆይ ልጄ፣ ለዚህ ሰውዬ ልክፈትለት» አሉና ሽጉጡን ወደ አፎቱ ሰደዱት። ግማሽ ላይ ያዘባቸው። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። በመዳፋቸው ጫን አደረጉት፣ ተኮሰ። ጥይቱ የአፎቱን ታች በስቶ፣ የጋሼን ሱሪ ቀዶ፣ ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ እኔ ባት ውስጥ ገባ። ጋሼን አንዲት ጭረት እንኳ አላገኛቸውም።

ሆስፒታሉንና ሕክምናውን አልዘረዝረውም። የመኪናው ረዳት ዘሎ ገብቶ ቁስሉን በጋቢዬ ጫፍ በሁለት እጁ ተጭኖ ያዘው፤ ባጃጅ ላይ ጭነውኝ እስክንደርስም አልለቀቀውም። ሐኪሙ ኋላ ላይ የጠቀመህ እሱ ነው ብሎኛል። እንዲህ ያለ ነገር ፊታችሁ ከደረሰ ውኃ ማፍሰሱን፣ ጥይቱን መፈለጉን፣ መጯጯሁን ትታችሁ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጉና ባላችሁ ክብደት ተጫኑ። ደም ቆመ አልቆመ ብላችሁ በየደቂቃው ጨርቁን እያነሳችሁ አትዩ።

ከሁሉ የከበደኝ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ያለው ነበር። ግቢው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሽጉጡ አርጅቷል ይላል። ገሚሱ ደግሞ ጋሼ ጣታቸው ምላጩ ላይ ነበር ይላል። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ ጣታቸው ቀጥ ብሎ ከብረቱ ጎን ነበር። ብናገርም የሰማኝ አልነበረም፤ አዝኜላቸው የምዋሽላቸው መስሏቸዋል። ጋሼ ሥራ መምጣት ተዉ። ቤታቸው ሄጄ ብጠይቃቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

ነገሩ የተፈታው የመጋዘኑ ባለቤት አንድ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ አምጥተው ጥበቃውን እንዲያዩልን ሲያደርጉ ነው። ሃምሳ አለቃው ብዙ አያወሩም። «ጣቱ የት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ውጪ ነበር፣ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ጣቱን ተዉት። ምላጩን የሳበውን ሌላ ነገር እንፈልግ» አሉና ጋሼ የዚያን ዕለት የለበሱት ጃኬት እንዲመጣ አዘዙ።

ጥይቶቹን በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል አስወጡ። ከዚያ ሽጉጡን አንስተው መጀመሪያ ካዝናውን አወጡ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ስበው ያዙት፣ በዓይናቸው አዩ፣ በመጨረሻ ትንሿን ጣታቸውን ጥይት በሚጎርስበት ቀዳዳ ከትተው ዳሰሱ። ጃኬቱን ለበሱ፣ አፎቱን ታጠቁ፣ ጥይቱን የምታስተኩሰው ከኋላ ያለችው መምቻ ወደ ኋላ ተስባ እንደቆመች ሽጉጡን ቀስ አድርገው ማስገባት ጀመሩ። «ጎንበስ በልና እይ» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። የጃኬቱ ታች ወገብ ላይ የሚያጠብቀው ገመድ አለው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ሲጫኗት የምትላላ ጥቁር ፕላስቲክ። ገመዱ የአፎቱ አፍ ላይ ተጋድሟል። አፈሙዙ እየገፋ አስገባው። ምላጩን የሚከልለው ቀለበት የአፎቱ አፍ ላይ ሲደርስ ፕላስቲኳ ቀለበቱ ውስጥ ዘው አለች፣ ሽጉጡ ያዝ አደረገ። ሃምሳ አለቃው ትንሽ ጫን አሉት። ቀጭ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዚያው ቀን ከሰዓት ጋሼ ቤት ሄድን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሃምሳ አለቃው ካሳዩን ውስጥ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ካዝናው ውስጡ እያለ የላይኛውን ብረት የሳበ ሰው ሽጉጡን ባዶ አላደረገም፤ እንዲያውም አቀባብሎታል። ጋሼ ያደረጉት ይህንን ነበር። ሽጉጡ ሌሊቱን በርሜሉ ባዶ ሆኖ አድሮ፣ ባዶነቱ ሊረጋገጥ ሲል ጥይት ጎረሰ። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ካዝና፣ ከዚያ መሳብ፣ ከዚያ ማየትና መዳሰስ። የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ መተውም ያው ነው፤ ማካሮቭ ካዝናው ከወጣም በኋላ በርሜሉ ውስጥ የቀረችውን አንዷን ጥይት ይተኩሳል። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ እኮ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ከአፈሙዙ አቅጣጫ ዞር በሉ።

ሁለተኛው የመምቻዋ ነገር ነው። ማካሮቭ ጥይት ጎርሶ መምቻው ወርዶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ምላጭ ረጅምና ከባድ ነው፤ ጠንከር አድርጎ መሳብ ይጠይቃል። ከተቀባበለ ወይም ከተተኮሰ በኋላ ግን መምቻው ወደ ኋላ ተስቦ ይቆማል፣ ምላጩም አጭርና ቀላል ይሆናል። ያኔ አንዲት ፕላስቲክ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የምትዘጋውን መጠበቂያ ወደ ላይ አንስታችሁ መምቻው በሰላም ሲወርድ ሳታዩ ማካሮቭን ወደ አፎት አትመልሱ። ስትመልሱም አውራ ጣታችሁን መምቻው ላይ አሳርፉ። መጠበቂያዋ ሳትዘጋ ቀርታ የሆነ ነገር ምላጩን እየሳበ ከሆነ መምቻው ከአውራ ጣታችሁ ሥር ሲነሳ ይሰማችኋል፤ በዚያች ቅጽበት ታቆማላችሁ። እኔ እስከ ዛሬ ይህችን አልተውኩም።

ቶካሬቭ ያላችሁ ለእናንተ ነገሩ ይለያል። የድሮው ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም፤ ያለው መምቻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያቆም ጥርስ ብቻ ነው። እሱን በርሜሉ ባዶ ሆኖ መታጠቅ ነው የሚያዋጣው። አዲሶቹ፣ ግሎክና መሰሎቹ ደግሞ ውጭ የሚታይ መምቻ ስለሌላቸው አውራ ጣታችሁ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ምላጩ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ መጠበቂያ መሆኗን ሰው ይነግራችኋል። እውነት ነው፣ ሽጉጡ ቢወድቅ ትጠቅማለች። ነገር ግን ምላጩን ከፊት ለፊት የገፋውን ሁሉ ጣት ነው ብላ ትቀበላለች፤ የሸሚዝ ጫፍ ይሁን የጋቢ ጥለት አትለይም። እንዲህ ያለ ሽጉጥ የያዘ ሰው ያለው መከላከያ ዓይኑና አፎቱ ነው።

ስለ አፎት ሳወራ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሽጉጡን በውድ ገዝቶ አፎቱን እንደ ተራ ነገር ነው የሚያየው። የእኛው አፎት ከስንት ሰው ወገብ ወደ ስንት ሰው ወገብ የዞረ ቆዳ ነበር። የጅማ ዝናብ ሲያርሰው፣ ምድጃ ዳር ሲደርቅ፣ እንደገና ሲርስ ቆዳው ልፍስፍስ ብሎ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የታጠፈ የአፎት አፍ ራሱ ወደ ምላጩ ቀለበት ይገባል፤ ጃኬትም ገመድም ሳያስፈልግ። ከላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ቁልፉ ከረገበም እንዲሁ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ሽጉጡ ሲገባ አብሮ ይገባል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ የአፎቱን አፍ በአፈሙዙ ቆፈር ቆፈር አድርጎ ይከፍተዋል፤ ሌላው በግራ እጁ አፎቱን ይይዝና በቀኙ ያስገባል። ሁለተኛው ጠንቃቃ ይመስላል፣ ግን አፈሙዙ መዳፉን ቁልቁል እያየው ነው የሚያልፈው።

ታዲያ እንዴት ይመለስ? ሃምሳ አለቃው ያለማመዱን በባዶ ሽጉጥ ነበር፤ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ከነጋቢያችን፣ ከነዝናብ ልብሳችን። በቀጭን ሸሚዝ ልምምድ አድርጎ በጋቢ ሌሊት መቆም ዋጋ የለውም። በመጀመሪያ ሽጉጡን ደረት አካባቢ ያዙና አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጋችሁ ቁሙ። ጣት ከቀለበቱ ውጪ፣ ከብረቱ ጎን ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል። መጠበቂያ፣ መምቻ። ከዚያ በግራ እጃችሁ ልብሱን ሁሉ ሰብስባችሁ ወደ ደረታችሁ ከፍ አድርጉና እዚያው ያዙት፤ ግራ እጅ ሽጉጡ ገብቶ እስኪያልቅ ልብሱን አይለቅም። አሁን ጎንበስ ብላችሁ አፎቱን እዩ። ሳያዩ መመለስ ጀግንነት የሚመስለው ሰው አለ፤ ፊልም ያየ ነው። አፎቱ ባዶና ክፍት መሆኑን ካያችሁ በኋላ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ።

ያዝ ካደረገ አትግፉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ሰው ካለ ይህቺን ያስታውስልኝ። በደንብ የተሠራ አፎት ሽጉጡን ያለ ትግል ይቀበላል። ትግል ካለ መሃል የገባ ነገር አለ፤ አውጡት፣ እዩ፣ እንደገና ጀምሩ። ለማውጣት የሚያጣድፍ ነገር ሊኖር ይችላል። ለመመለስ የሚያጣድፍ ነገር ግን እኔ በሥራዬ አላየሁም። አይሱዙው ጡሩምባውን ይንፋ። በሩ ላይ ቢቆም ቡናው አይበላሽበትም።

ልብሱ የማይመች ከሆነ፣ ከጨለመ፣ እጅ በብርድ ከደነዘዘ ሌላም መንገድ አለ፤ እኛ አሁን በርክክብ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አፎቱን ከቀበቶው ትፈቱታላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ትቆልፉታላችሁ፣ ከዚያ ከነአፎቱ ትታጠቁታላችሁ። ለማየትም ለመስማትም ይቀላል፣ አፈሙዙም የማንንም ጭን አያይም። ሽጉጡ ባዶ የሚደረገውም በጥበቃ ቤቱ ጀርባ ባስቀመጥነው አሸዋ የተሞላ በርሜል ላይ ነው። ሲሚንቶ ላይ ማነጣጠር ምን እንደሚያመጣ የእኔ ባት ይመስክር።

አደጋው የሚያደባው ደግሞ ማንም በማይጠረጥርበት ሰዓት ነው። ሽንት ቤት አንዱ ነው። የእኛ አገር ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ሰው ሽጉጡ እንዳይወድቅበት አውጥቶ መስኮት ላይ ያስቀምጣል፣ ሲወጣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሽጉጥ ይሽጣል። እባካችሁ፣ ሽጉጡን ከነአፎቱ ፍቱና ስትጨርሱ ከነአፎቱ ታጠቁ። ቢወድቅባችሁም ለመቅለብ አትሞክሩ፤ በአየር ላይ ያለ ሽጉጥ ሲቀለብ ጣት መጀመሪያ የሚያገኘው ምላጩን ነው። ይውደቅ። ባጃጅና መኪና ውስጥ ተቀምጦ መመለስም እንዲሁ መጥፎ ነው፤ ሆድ ይታጠፋል፣ ልብስ ይሰበሰባል፣ አፈሙዙ በቀጥታ ጭን ላይ ያርፋል። ከመሣፈራችሁ በፊት ቆማችሁ ጨርሱ። መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ከሆነ መሣሪያውን ቤት ቆልፋችሁ ሂዱ፤ በር ላይ እያወለቁ እያደረጉ መመላለሱ ብቻውን አደጋ ነው።

ሽጉጥ ያለ አፎት ቀበቶ ውስጥ የሚሽጡትን ምን ልበላቸው። ጅማ መርካቶ ውስጥ ሐሙስ ገበያ ቀን፣ በዚያ ግፊያ መሃል፣ ሸሚዙ ከፍ ሲል የሽጉጥ እጀታ ያየሁበት ሰው አለ። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ ግን ሱሪ ውስጥ የገባውን ምላጭ አይሸፍንም።

እኔ ሽጉጥ እንደገና ለመታጠቅ ጊዜ ወስዶብኛል። አፎቱ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሌላ ሰው ሽጉጥ ሲመለስ ሳይ ደግሞ እግሬ በራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃው ይህን አይተው አልሳቁብኝም። «እጅህ እስኪረጋ በባዶ ብቻ ሥራ» አሉኝ። እንዲህ የሆናችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ አትቸኩሉ። ጋሼም ተመልሰዋል፤ አሁን አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ርክክቡን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። የጃኬታቸውን ገመድ በጢም መላጫ ቆርጠው ጥለውታል። እኛም ሁላችን ቆርጠናል፤ ጋቢ ደግሞ ከመታጠቂያው በላይ ተቋጥሮ እንጂ ተለቆ አይለበስም።

አፎት ልትገዙ ወይም ልታሠሩ ከሆነ ሽጉጣችሁን ባዶ አድርጋችሁ፣ ጥይቱን ቤት ትታችሁ ሞክሩት። አስገብታችሁ ቆልፉትና ምላጩ ባለበት በኩል ከውጭ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ። ምላጩ ከቆዳው ሥር ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ አትግዙት። ገልብጣችሁ አራግፉት፤ መውደቅ የለበትም። ሽጉጡን አውጥታችሁ የአፎቱን አፍ በጣት ጨምቃችሁ ልቀቁት፤ ራሱ ተመልሶ መከፈት አለበት። ለእኛ የሠራልን ቆዳ ሠሪ አፉ ዙሪያ ድርብ ቆዳ ሰፋበት። አዲስ ሲሆን ግን ደረቅና ጠባብ ነው፣ ያዝ ያደርጋል። ባዶውን ሽጉጥ በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ውስጡ አሳድሩት፣ ቆዳው በልኩ ይለጠጣል። በእሳትና በፀሐይ አታድርቁት። እስኪለጠጥ ድረስ ሥራ ላይ አትታጠቁት።